የፍልሰተኞች ውህደት ፖሊሲ መለኪያ

የፍልሰተኞች ውህደት ፖሊሲ መለኪያ አንድ አገር ከውጭ የመጡ ነዋሪዎች ከነባሩ ሕዝብ ጋር በእኩልነት እንዲሠሩ፣ እንዲማሩ፣ እንዲታከሙና ሲፈልጉም ዜጋ እንዲሆኑ የሚያስችል ሕግና አሠራር ምን ያህል እንዳለው በቁጥር ገልጾ ከሌሎች አገሮች ጋር የሚያነጻጽር ዘዴ ነው። ከእነዚህ መለኪያዎች በሰፊው የሚታወቀው ሚፔክስ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚጠራው የፍልሰተኞች ውህደት ፖሊሲ ኢንዴክስ ነው። ኢትዮጵያ በሚፔክስ ውስጥ አልተካተተችም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በሁለት በኩል ይመለከታታል። በእስራኤል፣ በስዊድን፣ በአሜሪካና በሳዑዲ ዓረቢያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩት በዚህ መለኪያ በተመዘኑ ሕጎች ሥር ነው፤ አገሪቱ ራሷም ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ታስተናግዳለች።

በመስኩ ዋናው ክርክር መለኪያው በትክክል የሚለካው ምንድን ነው የሚለው ነው። በወረቀት ላይ ያለ ሕግ፣ የሰዎቹ እውነተኛ ኑሮ፣ እንዲሁም ኑሮው የተለወጠው በሕጉ ምክንያት መሆን አለመሆኑ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው የተለየ ዓይነት መረጃ ያስፈልጋል።

ቃላቱ

በአማርኛ «ስደተኛ» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር አገሩን ለቆ የሄደን ሁሉ ይጨምራል፤ ለሥራ ወደ ጅዳ የሄደችውም፣ ከጦርነት ሸሽቶ የመጣውም በአንድ ስም ይጠራሉ። በኢትዮጵያ ሕግ ግን ስደተኛ ማለት ከስደት የተነሳ ጥበቃ የተሰጠው የውጭ አገር ሰው ብቻ ነው። በማንኛውም ምክንያት ከአገር ወደ አገር ለሄደ ሰው መንግሥታዊ ጽሑፎች «ፍልሰተኛ» የሚለውን ይመርጣሉ። «መጤ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ቅርብ ቢሆንም የመገለል ስሜት ስላለበት በጥናት ጽሑፍ አይመከርም።

ውህደት መመሳሰል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሰፊ ተቀባይነት ያገኘ ማዕቀፍ ያሳተሙት አላስታየር ኤጀርና አሊሰን ስትራንግ ውህደትን በ10 ዘርፎች ከፍለውታል። ከእነዚህም ሥራ፣ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርትና ጤና ይገኙበታል፤ ከራስ ወገን ጋር፣ ከሌላው ማኅበረሰብ ጋርና ከመንግሥት ተቋማት ጋር ያለ ግንኙነት፣ ቋንቋና የአካባቢ ዕውቀት፣ ደኅንነትና መረጋጋት፣ ከሁሉ ሥር ደግሞ መብትና ዜግነት ተቆጥረዋል። በዚህ አከፋፈል አንድ ሰው ሃይማኖቱንና ቋንቋውን እንደያዘ የተዋሃደ ሊሆን ይችላል።

ሚፔክስ

የሚፔክስ የመጀመሪያ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2004 በብራስልስ የሚገኘው ማይግሬሽን ፖሊሲ ግሩፕ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ያወጣው፣ የወቅቱን 15 የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች የሚያነጻጽር ሰነድ ነበር። በ2007 የአሁኑን ስሙን ይዞ ወደ 28 አገሮች አደገ። በ2011፣ በ2015 እና በ2020 ተከታታይ እትሞች ወጥተዋል። የ2020ው እትም ከ50 በላይ አገሮችን ያጠቃልላል።

የሚመዘኑት 8 ዘርፎች የሥራ ገበያ፣ የቤተሰብ መቀላቀል፣ ትምህርት፣ ጤና፣ የፖለቲካ ተሳትፎ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ዜግነት ማግኘትና አድልዎን መከላከል ናቸው። በየዘርፉ ጥያቄዎች አሉ። ለምሳሌ «ፍልሰተኛው ዜግነት ለመጠየቅ ስንት ዓመት መኖር አለበት?» ተብሎ ሲጠየቅ አጭር ጊዜ የሚጠይቅ ሕግ 100፣ መካከለኛው 50፣ ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ ወይም ጭራሽ የሚከለክል ሕግ 0 ያገኛል። መልሱን የሚሞሉት የየአገሩ የሕግ ባለሙያዎች ሲሆኑ ሌሎች ባለሙያዎች መልሰው ያዩታል። ከዚያ የጥያቄዎቹ አማካይ የዘርፉ ነጥብ፣ የዘርፎቹ አማካይ ደግሞ የአገሩ ነጥብ ይሆናል።

በ2020 እትም ስዊድን በ86 ነጥብ አንደኛ ሆናለች። ፊንላንድ 85፣ ፖርቱጋል 81፣ ካናዳ 80፣ ዩናይትድ ስቴትስ 73 አግኝተዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ 10 ብቻ አግኝታለች።

ስሌቱ ቀላል መሆኑ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ማንም አንባቢ ተከታትሎ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ነገር ግን አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ፍልሰተኛ በነጻ እንዲሠራ ፈቅዶ ዜግነት የሚከለክል አገር (100 እና 0)፣ ሁለቱንም በግማሽ ከሚፈቅድ አገር (50 እና 50) ጋር እኩል 50 ያገኛል። በሁለቱ አገሮች የሚኖሩት ሰዎች ሕይወት ግን አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ዘርፍ እኩል ክብደት የተሰጠው ከጥናት ተነስቶ ሳይሆን ሌላ የሚያስማማ ክብደት ስላልተገኘ ነው። አዘጋጆቹም ይህን ድክመት ለማቃለል በ2020 አገሮቹን በነጥብ ብቻ ሳይሆን በአቀራረባቸው ጭምር መድበዋል፤ ከምድቦቹ አንዱ መሠረታዊ መብትና የረጅም ጊዜ ዋስትና የሚሰጡ፣ እኩል ዕድል ለመፍጠር የሚያደርጉት ድጋፍ ግን አነስተኛ የሆነ አገሮችን የያዘው «በወረቀት ላይ እኩልነት» የሚባለው ነው።

ሕግ እና ኑሮ

ከፍተኛ ነጥብ ያለው ሕግ ሁልጊዜ ጥሩ ኑሮ አያስከትልም። ስዊድን በየእትሙ ከፊት ብትሰለፍም በአገሪቱ በተወለዱና በውጭ በተወለዱ ነዋሪዎች መካከል ያለው የሥራ ቅጥር ልዩነት ሰፊ ሆኖ ቆይቷል። ሩድ ኮፕማንስ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት ለባህል ልዩነት ሰፊ ቦታ የሚሰጡና ለጋስ የማኅበራዊ ድጎማ ያላቸው አገሮች በሥራ ቅጥር ደካማ ውጤት አላቸው ሲል ተከራክሯል። የሚቃወሙት ደግሞ ስዊድን ከሌሎች ይልቅ ብዙ የጦርነት ስደተኞች የተቀበለች መሆኗን ይጠቅሳሉ። በጥገኝነት የገባ ሰው የሥራ ቪዛ ይዞ ከገባ መሐንዲስ ጋር አይነጻጸርም፤ ስለዚህ ልዩነቱ የፖሊሲው ሳይሆን የመጪዎቹ ማንነት ውጤት ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒው ምሳሌ ለኢትዮጵያውያን የቀረበ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በከፋላ ሥርዓት የገቡ የቤት ሠራተኞችና የጉልበት ሠራተኞች የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ነው። ሥራ የሌለው ሰው በሕግ መኖር ስለማይችል በቅጥር መጠን ብቻ ቢለካ እነዚህ አገሮች ዓለምን ይመሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ወረቀት የላቸውም ባለቻቸው ላይ ዘመቻ ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ በዚያ ሲሠሩ የቆዩ ነበሩ። ሥራ መኖሩ ሥር መስደዱን አላሳየም፤ የ10 ነጥቧ ሕግ በዚህ በኩል ከቅጥር አኃዙ የተሻለ ጠቋሚ ነበር።

ኑሮን በቀጥታ መለካት

ሕጉን ትቶ ኑሮውን የሚመዝነው መንገድ በአውሮፓ መደበኛ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 በዛራጎዛ በወጣው መግለጫ ነው። መግለጫው ሥራ፣ ትምህርት፣ ማኅበራዊ ተካታችነትና ንቁ ዜግነት የሚባሉ አራት መስኮችን አስቀምጧል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) ይህን ተከትሎ በ2012፣ ከዚያም ከአውሮፓ ኅብረት ጋር በ2015፣ በ2018 እና በ2023 ሰፋፊ የንጽጽር ዘገባዎችን አውጥቷል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ችግር ማንን መቁጠር ነው። ፍልሰተኛ የሚባለው በውጭ የተወለደ ነው፣ የውጭ ዜግነት ያለው ነው ወይስ ወላጆቹ በውጭ የተወለዱ? በዜግነት ከተቆጠረ፣ ተሳክቶለት ዜጋ የሆነው ሰው ከስሌቱ ይወጣና ያልተሳካላቸው ብቻ ይቀራሉ። ዜግነት በቀላሉ የሚሰጥ አገርም በዚህ አቆጣጠር ፍልሰተኞቹ የባሰ ኑሮ ያላቸው ይመስላል።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና በዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚመራ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 በየአገሩ ሊጠየቅ የሚችል አጭር መጠይቅ አቅርቧል። አጭሩ 12፣ ረጅሙ 24 ጥያቄዎች አሉት፤ ስድስት ገጽታዎችንም ይመዝናል፤ እነዚህም ሥነ ልቦና፣ ኢኮኖሚ፣ ፖለቲካ፣ ማኅበራዊ ግንኙነት፣ ቋንቋና መንገድ ማወቅ ናቸው። የመጨረሻው ሐኪም ማግኘትን ወይም ሥራ መፈለግን የመሰለ ጉዳይ ያለ ሰው እርዳታ ማስፈጸም መቻልን ይመለከታል። ማኅበራዊውን ለመለካት ከሚጠየቁት አንዱ ሰውየው ከአገሩ ተወላጆች ጋር ምን ያህል ጊዜ እራት እንደበላ ነው። አብሮ መብላት የቅርበት ምልክት በሆነበት አገር ላደገ አንባቢ ጥያቄው እንግዳ አይሆንም።

ምክንያቱን መለየት

የውጤት አኃዝ ጥሩ ሆኖ ቢገኝም ፖሊሲው ሠራ ለማለት አይበቃም። ያለ ፖሊሲው ምን ይሆን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ለግማሹ ዜግነት መስጠት ስለማይቻል ተመራማሪዎች በአጋጣሚ የተፈጠሩ ሁኔታዎችን ይፈልጋሉ።

በስዊዘርላንድ አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች እስከ 2003 ድረስ የእያንዳንዱን አመልካች የዜግነት ጥያቄ በምስጢር ድምፅ ይወስኑ ነበር። ያንስ ሃይንሙለር፣ ዶሚኒክ ሃንጋርትነርና ጁሰፔ ፒየትራንቱኖ በጥቂት ድምፅ ያለፉትን በጥቂት ድምፅ ከወደቁት ጋር አነጻጸሩ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ከዕድል አይበልጥም ማለት ይቻላል። በ2015 የታተመው ውጤት ዜግነት ያገኙት ከዓመታት በኋላ በፖለቲካ ይበልጥ ተሳታፊ ሆነው መገኘታቸውን ያሳያል። ዜግነት የውህደት መጨረሻ ሽልማት ብቻ ሳይሆን አንዱ መንስኤም መሆኑ ታየ። በዚያው አገር የተደረገ የ2016 ጥናት ደግሞ ለጥገኝነት ውሳኔ አንድ ተጨማሪ ዓመት መጠበቅ በኋላ ሥራ የማግኘት ዕድልን ከ4 እስከ 5 መቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ስለ ኢትዮጵያውያን በተደረጉ ጥናቶች ከሁሉ የሚጠቀሰው የዘመቻ ሰሎሞን ልጆች ጥናት ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከመግባቱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። እነዚህ ሰዎች የት እንደሚኖሩ ለመምረጥ ጊዜም ዕውቀትም አልነበራቸውም። ባዶ ክፍል በተገኘበት የመቀበያ ማዕከልና ሆቴል ተበተኑ፤ ልጆቻቸውም በአቅራቢያው ባለው ትምህርት ቤት ተመዘገቡ። ስለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት የደረሰው ልጅ ቤተሰቡ የተሻለ ስለሆነ አልነበረም።

ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪና ዳንኤሌ ፓሰርማን ይህን አጋጣሚ ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በሒሳብ ፈተና የተሻለ ውጤት ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የጀመሩት ልጆች ከዓመታት በኋላ ትምህርት የማቋረጥ ዕድላቸው ያነሰ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናን የማለፍ ዕድላቸውም ከፍ ያለ መሆኑን አገኙ። ልጆቹ ከአንድ አገር፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሕግ የገቡ ናቸው። በዜግነት ሕግ ቢመዘኑ አንድ ነጥብ ነበር የሚኖራቸው፤ የለያያቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት የገቡበት የመማሪያ ክፍል ነው።

የእስራኤል ሁኔታ ሌላም የመለኪያ ወሰን ያሳያል። ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በመመለስ ሕግ ተጠቃሚ ስለሆኑ እንደደረሱ ዜጋ ይሆናሉ። ሚፔክስ በእስራኤል የሚመዝነው ግን በተለመደው መንገድ የሚገቡ የውጭ ዜጎችን ሕግ ነው። ስለዚህ የአገሪቱ ነጥብ ስለ ትውልደ ኢትዮጵያውያኑ የሚናገረው እምብዛም ነው። በዜግነት ሙሉ ሆነው ሳለ በጥር 1996 እ.ኤ.አ. የለገሱት ደም በምስጢር ይጣል እንደነበር ሲታወቅ በሺዎች የሚቆጠሩት በኢየሩሳሌም ተቃውሞ ወጥተዋል፤ በ2015 እና በ2019 ደግሞ የፖሊስ አያያዝ ተመሳሳይ ቁጣ ቀስቅሷል። በ2016 በመንግሥት የተሰየመ ኮሚቴ በማኅበረሰቡ ላይ ስለሚደርሰው ዘረኝነት ዘገባና ምክረ ሐሳብ አቅርቧል። ዜግነትን ብቻ የሚቆጥር ሠንጠረዥ እነዚህን ዓመታት ሁሉ በ100 ነጥብ ያልፋቸዋል።

ኢትዮጵያ እንደ ተቀባይ አገር

በኢትዮጵያ የሚገኙት ስደተኞች በብዛት ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ናቸው። ለረጅም ጊዜ የነበረው አሠራር በካምፕ ማኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ለኤርትራውያን ከካምፕ ውጭ የመኖር ፈቃድ ተጀመረ። በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ በተካሄደው የመሪዎች ጉባኤ ኢትዮጵያ ዘጠኝ ቃሎችን ገባች፤ ከነዚህም ከካምፕ ውጭ የሚኖሩትን ወደ 10 በመቶ ማድረስ፣ የትምህርት ተሳትፎን ማሳደግ፣ 10,000 ሄክታር የመስኖ መሬት ለስደተኞችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ማቅረብ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ከሚፈጠሩ 100,000 የሥራ ዕድሎች 30,000ውን ለስደተኞች መስጠት፣ እንዲሁም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ለኖሩት በአካባቢው የመዋሃድ ዕድል መፍጠር ይገኙበታል። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በ2017 ለስደተኞች ተከፍቷል።

ቀጥሎ የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 409 የሚተካው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። የመሥራት፣ የመንቀሳቀስ፣ የመማር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈትና የመንጃ ፈቃድ የማውጣት መብቶችን ስለያዘ በአፍሪካ ከተራማጅ የስደተኛ ሕጎች አንዱ ተብሎ ተወድሷል።

አዋጁ በሚፔክስ ዓይነት ጥያቄ ቢመዘን የሚያገኘው ነጥብ በቃላቱ ላይ ይንጠለጠላል። አንቀጽ 26 ስደተኞች ተቀጥረው ለመሥራትና በግብርና፣ በእጅ ጥበብ ወይም በንግድ ለመሰማራት የሚኖራቸው መብት ለውጭ አገር ዜጎች ከሚሰጠው የተሻለ አያያዝ ጋር እኩል እንደሆነ ይደነግጋል። ከኢትዮጵያውያን ጋር እኩል የሚሆኑት መንግሥትና ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ በጋራ በሚቀርጿቸው ፕሮጀክቶች ሲሠሩ ነው። ለውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው በመሠረቱ ኢትዮጵያዊ ሊሞላው ለማይችል ሥራ ስለሆነ፣ አነስተኛ ችርቻሮም ለረጅም ጊዜ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ተከልሎ ስለቆየ፣ «እንደ ውጭ ዜጋ» የምትለው ሐረግ በሩን ከፍታ መልሳ ገርበብ ታደርገዋለች። መብቱን ብቻ የሚያነብ መዛኝ 100 ሊሰጥ ይችላል፤ ሐረጉን የሚያነበው 50።

በሌሎች ዘርፎች መልሱ ግልጽ ነው። የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ ለዜጎች የተሰጠ ስለሆነ በዚያ ጥያቄ ነጥቡ 0 ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ የሚያስገርም ቅይጥ ነው። የሚጠይቀው የነዋሪነት ጊዜ 4 ዓመት ብቻ ሲሆን ይህ ከብዙ የአውሮፓ አገሮች ያነሰ ነው። በሌላ በኩል የቀድሞ ዜግነትን መተው ግዴታ ነው፤ በኢትዮጵያ ምድር መወለድም ብቻውን ዜጋ አያደርግም። ቋንቋን በተመለከተ አመልካቹ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በማናቸውም አንዱ መግባባት መቻሉ ይበቃል። በአዊ ዞን አውንግኛ የለመደ ሰው በሕጉ ፊት አማርኛ ከሚናገረው አያንስም። አንድ ብሔራዊ ቋንቋ በፈተና ከሚጠይቁት የአውሮፓ ሕጎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ሰፊ በር ነው።

ሕጉ በመሬት ላይ የሚፈተነው ግን በወረዳና በቀበሌ ነው። ለምሳሌ ያህል ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘውን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ አዲስ ቅዳምን መውሰድ ይቻላል። የስደተኛ መታወቂያ የያዘ የውጭ አገር ሰው እዚህ ቤት ተከራይቶ በከሰል ንግድ ሊሰማራ ቢያስብ (አካባቢው ከዲከረንስ ዛፍ በሚመረት ከሰል ይታወቃል)፣ የሚያጋጥመው የጥያቄ ሰንሰለት ከካምፕ ውጭ የመኖር ፈቃድ፣ የቀበሌ ምዝገባ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ነው። አንዱ ላይ ከቆመ ሌሎቹ አራቱ ክፍት መሆናቸው አይረዳውም። የአማካይ ስሌት ይህን 80 ይለዋል፤ ለነጋዴው ግን 0 ነው።

ከስደተኞች ሌላ የሻሸመኔ ራስታፈሪያን የቆየ ምሳሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ለቆሙ የዓለም ጥቁሮች ከሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት ቤተሰቦች ልጅና የልጅ ልጅ ወልደዋል። መንግሥት ለማኅበረሰቡ የመታወቂያ ካርድ እንደሚሰጥ ያስታወቀው በ2017 ነበር። በቋንቋ፣ በጋብቻና በጉርብትና ከተዋሃዱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ወረቀቱ የተከተላቸው፤ ከቤተ እስራኤላውያኑ ሁኔታ ጋር ሲተያይ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው።

ሕጉ ሳይለወጥ አሠራሩ የሚለወጥበትም ጊዜ አለ። ኤርትራውያን ድንበር እንደተሻገሩ በጅምላ የስደተኝነት ዕውቅና የሚያገኙበት አሠራር በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ቆሟል፤ አዋጁ ግን አንድ ፊደል አልተቀየረበትም። በትግራይ ጦርነት የሽመልባና የሕፃፅ ካምፖች ወድመው ከማይ ዐይኒና ከዓዲ ሐሩሽ የተነሱ ስደተኞች ከ2022 ጀምሮ በአማራ ክልል ዳባት አቅራቢያ ወደሚገኘው የዓለምዋጭ መጠለያ ተዛውረዋል። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል የገቡት ሱዳናውያን በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ ካምፖች ሰፈሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ከመቶዎች በላይ የሚሆኑት ዝርፊያና ጥቃት በዛብን ብለው ካምፑን ለቀው በመንገድ ዳር ቆይተዋል፤ በኋላም ሁለቱ ካምፖች ተዘግተው አፍጢት የተባለ አዲስ መጠለያ ተከፍቷል። በኤጀርና ስትራንግ ማዕቀፍ ደኅንነት ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። በሚፔክስ 8 ዘርፎች ውስጥ ግን የለም፤ ኢንዴክሱ የተነደፈው ደኅንነት እንደ ቀላል ነገር ለሚቆጠርባቸው አገሮች ስለሆነ ይመስላል።

የመረጃ ምንጮች

የስደተኞችን ኑሮ ከአስተናጋጁ ሕዝብ ኑሮ ጋር ለማነጻጸር ሁለቱም በአንድ መጠይቅ መጠየቅ አለባቸው። ለብዙ ዓመታት ስደተኞቹን የሚቆጥሩት የእርዳታ ድርጅቶች፣ ዜጎችን የሚቆጥረው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ስለነበር ቁጥሮቹ አይገናኙም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2018 የተቀበለው የስደተኞች ስታቲስቲክስ ምክረ ሐሳብ አገሮች ስደተኞችን በብሔራዊ ጥናቶቻቸው እንዲያካትቱ ያሳስባል። በኢትዮጵያ ይህ የተሞከረው ከዓለም ባንክ ጋር በተካሄደው የስደተኞች ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ሲሆን፣ ጥናቱ በካምፕ የሚኖሩ ኤርትራውያንን፣ ሶማሌዎችንና ደቡብ ሱዳናውያንን፣ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ስደተኞችንና አጎራባች ነዋሪዎችን በብሔራዊው የቤተሰብ ደኅንነት ጥናት ማዕቀፍ ጠይቋል።

ሌላው አዲስ ምንጭ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ነው። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ምዝገባውን ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ለነዋሪም ስለከፈተ በ2024 እ.ኤ.አ. ስደተኞች ቁጥሩን ማግኘት ጀምረዋል። አንድ ቋሚ ቁጥር መኖሩ የባንክ፣ የስልክና የትምህርት ቤት ምዝገባን ለማቃለል ይረዳል፤ እንደ ስዊድን ባሉ አገሮች የውህደት ጥናት የሚሠራውም እንዲህ ባለ የግል መለያ ቁጥር በተያያዙ መዝገቦች ነው። ያው ቁጥር ለክትትል ሊውል መቻሉ በተለይ ከመንግሥታቸው የሸሹ ሰዎችን የሚያሳስብ ስለሆነ መዝገቡን ማን ያያል የሚለው ጥያቄ ከመለኪያው ጋር አብሮ ይነሳል።

ለንጽጽሩ መነሻ የሚሆነው አጠቃላይ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው።